ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ፣ ዕዳው በባለቤቱ ስም

የዛሬው የሕግ ትምህርታችን ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ያቆየናል። መኪና ያላችሁም የሌላችሁም፣ ራዲዮኑን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አድምጡኝ። ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ሙሽሮች ለፎቶ ወደ እንጦጦ ፓርክ ይወጣሉ፤ በአበባና በሪባን የተሸለመው መኪና ከፊት፣ አጃቢው ክላክስ እያስጮኸ ከኋላ። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊት ባለው መኪና የኋላ በር ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ይቀርጻል። ሌላ ጊዜ ደግሞ የድሮ ቮልስ ወዳጆች ወይም መኪናቸውን አሳምረው ያሠሩ ወጣቶች ሜዳ ፈልገው ይሰባሰባሉ። መኪኖቹን ጎን ለጎን ያቆማሉ፣ ኮፈኑን ይከፍታሉ፤ ማርሚታውን የቀየረው ነዳጅ እየሰጠ ሞተሩን ያስጮኻል። ሕዝቡም ይከባል። በዚያው መንገድ ዳር ግን እንጨት ተሸክመው ከጫካው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ወደ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የሚሄዱ ሕመምተኞች አሉ። ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች፣ ቆሎ የሚሸጡ ልጆች አሉ። መስከረም 1 የራጉኤል፣ የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ሲሆን ደግሞ መንገዱ ሰው በሰው ነው።

አሁን ለትምህርት ያህል አንድ ታሪክ እንፍጠር። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የሚነግዱ አንድ ሰው መኪና አላቸው። የእህታቸው ልጅ ይመጣና «ጋሼ፣ ጓደኞቼ እንጦጦ ላይ መኪና ሊያሳዩ ነው፤ ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ስጠኝ» ይላቸዋል። እሳቸውም ልጁን ይወዱታልና ቁልፉን ይሰጡታል። ልጁ መኪናውን ከሌሎቹ ጋር ደርድሮ ያቆማል። ቦታው ዳገት ስለሆነ ማርሽ ውስጥ አስገብቶ ነው ያቆመው፤ ይህ ጥሩ ልማድ ነው። እሱ ውኃ ሊገዛ ዞር ሲል ግን መንጃ ፈቃድ የሌለው ጓደኛው መሪው ላይ ይቀመጣል። ሞተሩን ለማሰማት ፍሪሲዮኑን ሳይረግጥ ቁልፉን ያዞራል። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና እንዲህ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ ሹፌሮች ታውቁታላችሁ፤ ወደፊት ዘሎ ይሄዳል። ፊት ለፊት ቆሞ ሲያይ የነበረውን ቆሎ ሻጭ ልጅ ይመታዋል። የልጁ እግር ይሰበራል።

ማነው የሚከፍለው?

እዚያ የተሰበሰበውን ሰው ብትጠይቁ አብዛኛው «መሪው ላይ የነበረው ነዋ!» ይላችኋል። ሌላው «ቁልፉን መኪናው ላይ ትቶ የሄደው» ይላል። ሱቃቸው ውስጥ ነጠላ እያጣጠፉ ያሉትን ሰውዬ የሚያነሳ አይኖርም። ሕጉ ግን ከሁሉ በፊት የሚያየው እሳቸውን ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት የሚናገረው ክፍል እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። የዚህ ክፍል ቁጥር 2081 ስለ ማሽንና ስለ ባለሞተር ተሽከርካሪ ይናገራል። በቀላል አማርኛ ሳስቀምጠው፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ይዞት እንኳ ጉዳት ቢያደርስ ባለቤቱ ይከፍላል። ሕጉ አንዲት መውጫ በር ትቶለታል። ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበረ ካስረዳ ኃላፊነቱ ይቀርለታል።

ልብ በሉ፣ «አልፈቀድኩም» ማለትና «ተሰርቄያለሁ» ማለት ይለያያሉ። የእኛ ባለመኪና ለእህታቸው ልጅ እንጂ ለጓደኛው አልፈቀዱም፤ ይህ ግን አያድናቸውም። ልጁ ቁልፉን ከግድግዳው ላይ ሳይጠይቅ አንስቶ ቢሄድስ ኖሮ? በቤተሰብ መካከል «እስኪ ዞር ዞር ብዬበት ልምጣ» ተብሎ የተወሰደን መኪና ሌብነት ነው ብሎ ፍርድ ቤት ፊት ማስረዳት በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ቁልፍ የምታስቀምጡበት ቦታ የሕግ ጉዳይ ነው፤ እንደ ቀላል አትዩት።

«ታዲያ ይህ ግፍ አይደለም ወይ? ሰውዬው ምን አጠፉ?» የሚል አድማጭ ይኖራል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አብዛኛው የኃላፊነት ሕግ በጥፋት ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያጠፋ ይክሳል። ቁጥር 2081 ግን ጥፋት አይፈልግም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ መኪና ሕይወት የሚቀጥፍ ኃይል ያለው ነገር ነው። ወደ መንገድ ያወጣው ባለቤቱ ነው፤ የሚገለገልበትና የሚያጌጥበት እሱ ነው፤ መድን የሚገባለትም እሱ ነው። ቆሎ ሻጩ ልጅ ከመኪናው ያገኘው ጥቅም የለም፤ ስለ ፍሬኑም ስለ ማርሹም የሚያውቀው የለም። የማን ጥፋት እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ልጁ ያለ ሕክምና ይቀመጥ ማለት አይቻልም። እኔ ይህን ሕግ ከልቤ እደግፈዋለሁ። የመጀመሪያዋ መኪና በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ስትገባ ለማየት የወጣው ሕዝብ ከዚህች ፍጥረት ጋር እንዴት እንደሚኖር ገና አያውቅም ነበር። መኪና ሲታይ ዛሬም ሰው ይሰበሰባል፤ ዛሬ ግን የተሰበሰበውን ሰው የሚጠብቅ ሕግ አለን።

ወደ እንጦጦ ቁልቁለት እንመለስና፣ በዚያ መንገድ ላይ ከአደጋ በኋላ ሁልጊዜ የምንሰማው አንድ ቃል አለ፦ «ፍሬን እምቢ አለኝ።» ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ በከባድ ማርሽ ካልያዛችሁትና ፍሬን ብቻ እየረገጣችሁ ከወረዳችሁ ፍሬኑ ይግላል፣ ሸራው ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዙን ይተዋል። ቁጥር 2086 ይህን ሰበብ አስቀድሞ ዘግቶታል። ባለቤቱ «እኔ አላጠፋሁም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም»፣ «ከአቅሜ በላይ ነበር» ወይም «ጥፋቱ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ከኃላፊነት አይወጣም። ከተበዳዩ ጋር ያለውን ጉዳይ መጀመሪያ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ጥፋተኛው ላይ ሄዶ የከፈለውን ሊጠይቅ ይችላል። የእኛም ባለመኪና ከከፈሉ በኋላ መሪው ላይ የተቀመጠውን ወጣት የመጠየቅ መንገድ አላቸው። ኪሱ ውስጥ ምን እንደሚያገኙ ሌላ ነገር ነው።

ባለቤቱን በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ የሚያወጣው የራሱ የተጎጂው ጥፋት ነው። እዚህ ላይ ተመልካቾች ጆሯችሁን ስጡኝ። ገመድ ተዘርግቶ፣ «ከዚህ አትለፉ» ተብሎ፣ ገመዱን ዘልሎ በስልክ ለመቅረጽ የሚንቀሳቀስ መኪና ፊት የገባ ትልቅ ሰው ካሳው ሊቀነስበት፣ ሙሉ በሙሉ የራሱ ጥፋት ከሆነም ጭራሽ ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን ዝም ብሎ በቆመ መኪና ፊት መቆም ጥፋት አይመስለኝም። የመኪና ትርዒት ማለት ሰው ቀርቦ እንዲያይ መጋበዝ ነው፤ ጋብዘህ ስታበቃ «ለምን ቀረብክ?» አይባልም። ሕፃን ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይጠብቃል። አሥር ዓመት ያልሞላ ልጅ የመኪናን ጠባይ ያውቃል ብሎ የሚከራከር ጠበቃ ዳኛ ፊት ብዙ ርቀት የሚሄድ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ አንቀጽ አለ፣ ብዙ ሰው የማያነሳው። ቁጥር 2068 ስለ ስፖርት ነው። በስፖርት ጨዋታ ላይ ያለ ሰው ሌላውን ተጫዋች ወይም በቦታው የተገኘውን ተመልካች ቢጎዳ፣ ማታለል ወይም የጨዋታውን ሕግ ከባድ በሆነ መንገድ መጣስ ከሌለ በስተቀር ኃላፊ አይሆንም ይላል። ኳስ ተጠልዛ ተመልካች ፊት ላይ ብታርፍ አጥቂው አይከሰስም ማለት ነው። ታዲያ የመኪና ትርዒት አዘጋጆች «እኛም ስፖርት ላይ ነን» ቢሉስ? እኔ አንቀጹን የማነበው እንዲህ ነው። ስፖርት ለመባል ሕግ ያለው ጨዋታ፣ ዳኛ፣ የተከለለ ቦታ ያስፈልጋል። መኪና ደርድሮ ሞተር ማስጮህ ወይም በሰርግ አጀብ መሐል ጎማ እያስጮሁ መዞር ስፖርት አይደለም። በዚያ ላይ ይህ አንቀጽ የሚያወራው በገዛ ድርጊቱ ሌላውን ስለሚጎዳ ሰው ነው፤ የመኪና ባለቤትነት ኃላፊነት የቆመው በሌላ አንቀጽ ላይ ነው። በሕጋዊ የሞተር ውድድር ላይ ጉዳት ቢደርስ ክርክሩ ጠንከር ይላል፤ በእንጦጦ መንገድ ዳር ግን 2068ን ጋሻ ማድረግ አይቻልም።

ውድድር ካነሳን አይቀር፣ ዓለም ይህን ትምህርት የተማረው በደም ነው። በፈረንጆች 1955 በፈረንሳይ ለ ማን በተባለው የመኪና ውድድር፣ ፒየር ለቬግ የሚነዳው መርሴዲስ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጭቶ ተሰባበረና ስብርባሪው ሕዝቡ ላይ በረረ። ከ80 በላይ ተመልካቾች ሞቱ። ስዊዘርላንድ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለውን የመኪና እሽቅድድም በአገሯ ከለከለች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1957 ደግሞ ጣሊያን ውስጥ ሚሌ ሚሊያ በሚባለው፣ በተራ የሕዝብ መንገድ ላይ በሚካሄደው ውድድር፣ ጉይዲዞሎ አቅራቢያ የአንድ ፌራሪ ጎማ ፈነዳ። መንገድ ዳር ቆመው ሲያዩ ከነበሩት 9 ሰዎች ሞቱ፤ 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። ሾፌሩ አልፎንሶ ደ ፖርታጎና ረዳቱም አልተረፉም። ውድድሩ በዚያው ቀረ። የመኪናው ባለቤት ኤንዞ ፌራሪ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሱ፤ ክሱ ዓመታት ፈጅቶ በ1961 ነፃ ወጡ።

የፌራሪን ጉዳይ ያነሳሁት አንድ ልዩነት እንድትይዙልኝ ነው። ወንጀልና ካሳ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። በወንጀል ለመቀጣት ጥፋት መኖር አለበት። የእኛም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ወይም ያቆሰለን የሚቀጣው ቸልተኛነቱ ሲረጋገጥ ነው። ሱቃቸው ውስጥ የነበሩት ነጋዴ በወንጀል ላይጠየቁ ይችላሉ። ካሳው ግን እሳቸው ዘንድ ይቀራል። ብዙ ባለመኪና «ፖሊስ እኮ ነፃ ብሎኛል» ብሎ ተዝናንቶ ሲቀመጥ የፍትሐ ብሔር መጥሪያ የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የተከራየ መኪናስ? ለሰርግ አጀብ የምናያቸው ብዙዎቹ የኪራይ ናቸው። ቁጥር 2082 መኪናውን ለራሱ ጥቅም በእጁ ያደረገ ሰው፣ መኪናው በእጁ ባለበት ጊዜ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ ተከራዩም አለበት። ተቀጥሮ የሚነዳ ሹፌር ግን ከኪሱ የሚከፍለው ጥፋት ሲኖርበት ነው። ሹፌሮች ይህን እወቁ፤ አለቃችሁ «አንተ ነህ የምትከፍለው» ሲላችሁ ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የውክልና ነገር ነው። መኪና ይሸጣል፣ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል፤ ስም ማዞሩ ግን «በኋላ ይደርሳል» ተብሎ በውክልና ይታለፋል። ገዢው በውክልናው ለሌላ ይሸጣል፤ ያም ለሌላ። ከሦስት ዓመት በኋላ መኪናው እንጦጦ ላይ ሰው ይጎዳል። ትራፊክ ፖሊሱ ሊብሬውን ሲያይ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ሻጭ ስም ነው። ሰውዬው መኪናዋን ከሸጠ በኋላ ዓይኗን አላየም፤ ቢሆንም ፍርድ ቤት የሚጠራው እሱ ነው፤ ባለቤት አለመሆኑን የማስረዳት ጣጣም የእሱ ነው። መኪና የሸጣችሁና ስም ያላዞራችሁ አድማጮች ነገ ጠዋት ጉዳዩን ጀምሩት።

ትርዒቱን ያዘጋጀውም አካል ነፃ አይደለም። አጥር ሳያሠራ፣ አስተናጋጅ ሳያቆም፣ የመኪኖቹን ቁልፍ ሳያሰበስብ፣ ዳገት ላይ ጎማ ስር ድንጋይ እንኳ ሳያስደርግ ሕዝብ ከጠራ በራሱ ጥፋት ይጠየቃል። ለአንድ ጉዳት ብዙ ኃላፊዎች ሲኖሩ ተጎጂው ከፈለገው ሙሉውን መጠየቅ ይችላል፤ እነሱ እርስ በርሳቸው ይተሳሰቡ። እዚያው እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ካሉት መዝናኛዎች አንዱ የጎ ካርት መኪና ነው። ቲኬት ቆርጦ የገባው ነጂ ከድርጅቱ ጋር ውል አለው፤ ጉዳዩ በውሉ ይታያል። ከአጥሩ ውጪ ቆሞ የሚያየው ሰው ግን ውል የለውም፤ እሱን የሚጠብቀው ዛሬ የምናወራው ሕግ ነው።

ወደ መድን እንምጣ። በአገራችን ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ መውጣት አይችልም። አሁን የሚሠራው የ2005ቱ አዋጅ ቁጥር 799 ነው። መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ምልክት የዚህ መድን ነው። የተጎዳ ሰው ማንኛውም የሕክምና ተቋም ሲደርስ አስቸኳይ ሕክምና ሊከለከል አይገባም፤ «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» ቢባል ሕግ እየተጣሰ ነው። ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ሲሆን ደግሞ የመድን ፈንድ አለ፤ ተበዳይ ባዶ እጁን እንዳይቀር ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ ነው።

የካሳው ጣሪያ ግን ያሳዝነኛል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር ብሎ ነበር። የተገጨ አጥር ከተገጨ ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥበት ስሌት እንዴት ተጻፈ? እነዚህ ጣሪያዎች የሚሻሻሉ ስለሆኑ መድናችሁን ስታድሱ በሥራ ላይ ያለውን መጠን በጽሑፍ ጠይቁ። ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ ወደ ባለቤቱ ኪስ ይመለሳል። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ የመኪና መድን ውሎች መኪናው ለእሽቅድድም ወይም ለፍጥነት ሙከራ ሲውል ሽፋን አንሰጥም የሚል አንቀጽ አላቸው። መኪናችሁን ለትርዒት ከመስጠታችሁ በፊት ያችን በትንንሽ ፊደል የተጻፈች ገጽ አንብቧት።

በፍርድ ቤት የሚጠየቀው ካሳ ከመድኑ ይሰፋል፤ ሕጉ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት የሚቀርም ገቢ ይታሰባል። ሰው ከሞተ ይጦራቸው የነበሩት የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ይጠይቃሉ። ለሕሊና ጉዳት ግን ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም ብሎ ዘግቶታል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጇን ለቀበረች እናት ይህን ቆጥሮ መስጠት ስድብ ነው። ሕግ አውጪዎቻችን ይህን ቁጥር ሊነኩት ይገባል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

የመጨረሻው ነገር ጊዜና እርቅ ነው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ሰውን አድኑ፤ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939፣ ፖሊስ 991 ናቸው። ከዚያ የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የመድን ምልክቱን፣ የምስክሮችን ስልክ ያዙ። ሽማግሌዎች መምጣታቸው አይቀርም፤ ይህ የኖርንበት መልካም ባህል ነው፤ እኔም ሽማግሌ አክብሩ ባይ ነኝ። ነገር ግን የልጁ እግር በጀሶ ውስጥ ሳለ «ለሕክምና ይሁንህ» ተብሎ ጥቂት ብር ተሰጥቶ፣ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሙ። አጥንቱ ጠምሞ ቢገጥም፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ፣ ያ ወረቀት ይዞ ያስቀራችኋል። ሐኪም የጉዳቱን መጠን እስኪጽፍ ድረስ ለወጪ የተሰጣችሁን በደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኙም ላይ «ለጊዜው ለሕክምና» ብላችሁ አስጽፉ። ሐኪሙንም ሆነ ሽማግሌውን ስትጠብቁ ግን ቀን ቁጠሩ። በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ ከረዘመ በዚያ ይቆጠራል፤ እናንተ ግን በ2ቱ ዓመት ተማመኑ። ሽምግልናው በዚህ ጊዜ ውስጥ ካላለቀ ክሱን ክፈቱ፤ እርቁ መዝገቡ ተከፍቶም ይቀጥላል።